ግራዋ ወይስ ግዛዋ? የአያቴ ደብተርና የ1500 ዓመቱ የዕፀዋት ሥዕል

ዘቪየና (የውይይቱን ክር የከፈተችው)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ጥያቄና አንድ ሥዕል ይዤ መጥቻለሁ፤ ሁለቱ በእኔ ልብ ውስጥ አንድ ነገር ሆነዋል።

አያቴ የደብረ ታቦር ገጠር ቄስ ነበሩ፤ መድኃኒትም ያውቁ ነበር። ሲያርፉ የቀረችን አንዲት ባለ መስመር ደብተር ናት። አክስቴ ገጾቿን በስልክ እያነሳች ላከችልኝ። ዳሯ በጭስ ጠቁሯል፣ አንዳንዱ ገጽ ላይ ሰም ተንጠባጥቧል። ከመድኃኒቶቹ አንዱ «ሌሊት ለሚባንን ሕፃን» ብሎ ይጀምርና «የግ-ዋ ሥር፣ ደርቆ፣ ይታጠን» ይላል። መካከለኛዋን ፊደል ውሃ በልቷታል። «ራ» ናት ወይስ «ዛ»? ግራዋ ከሆነች የጠላ ጋን የሚታጠብባት መራራዋ ቅጠል ናት። ግዛዋ ከሆነች ጨርሶ ሌላ ተክል። በአንዲት ፊደል ምክንያት የአያቴ እውቀት ደጃፌ ድረስ መጥቶ ሳይገባ ቀረ።

አሁን ወደ ሥዕሉ። እዚህ ቪየና፣ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ እ.ኤ.አ. በ512 ገደማ ቁስጥንጥንያ ውስጥ የተዘጋጀ የግሪክኛ የመድኃኒት መጽሐፍ አለ። ድርሰቱ የዲዮስኮሪደስ ነው (ከፓትርያርኩ ከአባ ዲዮስቆሮስ ጋር እንዳይምታታባችሁ)። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የኖረ፣ የቅዱስ ጳውሎስ አገር የኪልቅያ ሰው፣ 600 ያህል ዕፀዋትን በአምስት መጽሐፍ የዘረዘረ ሐኪም። ይህን ቅጂ ግን ያሠሩት የቁስጥንጥንያ ሰፈር ሰዎች ናቸው። አኒኪያ ዩሊያና የምትባል ልዕልት፣ የምዕራብ ሮም ንጉሠ ነገሥት የነበረው የኦሊብሪየስ ልጅ፣ በሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያን ስላሠራችላቸው በምስጋና የሰጧት ነው። ወደ 400 የሚጠጉ ተክሎች በቀለም ተሥለውበታል።

ሥራዬ ፋርማሲ ውስጥ ስለሆነ አንድ ደንበኛችን የተባዛውን ቅጂ ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ከመግቢያዎቹ ሥዕሎች አንዱ ላይ ዓይኔ ተተክሎ ቀረ። መሃል አንዲት ሴት ቆማለች፤ ሴትዮዋ «ማስተዋል» ናት፣ በሰው አምሳል የተሣለች። በእጇ ማንድራጎራ የተባለውን ተክል ከነሥሩ ይዛለች። ሥሩ ሁለት እግር ያለው ሰው ይመስላል። በአንድ ወገን ዲዮስኮሪደስ ተቀምጦ ይጽፋል። በሌላው ወገን ሠዓሊው አለ፤ ሰሌዳው ላይ ብራና ተወጥሯል፣ እሱ ግን ፊቱን ወደ ተክሉ መልሶ ሥሩን ያያል። ጸሐፊውና ሠዓሊው ያንኑ አንድ ሥር አብረው እየሠሩበት ነው። የሐኪሙን ስም እናውቃለን፤ የሠዓሊው ግን የትም አልተጻፈም።

አያቴ በዚያች መስመር ጎን ሁለት ቅጠልና አንዲት ፍሬ ጫር አድርገው ቢሆን ኖሮ ዛሬ እናንተን አላስቸግርም ነበር። የእኛ የመድኃኒት መጻሕፍት ለምን ሥዕል የላቸውም?

---

ብራና

ልጄ ዘቪየና፣ እግዚአብሔር ያክብርሽ። አያትሽን ነፍስ ይማር።

የቆሎ ተማሪ ሆኜ ከአንድ የመድኃኒት ሊቅ ደጅ ለሁለት ክረምት ጠንቻለሁ፤ ያየሁትን ልንገርሽ። መጽሐፈ መድኃኒት የሚባሉት ድርሳናት የተክሉን ስም፣ የቱ አካሉ እንደሚወሰድ፣ ከምን ጋር እንደሚሰናኝ፣ አንዳንዴም መቼ እንደሚቆረጥ ይናገራሉ። ሥዕል የላቸውም፣ እውነትሽን ነው። ምክንያቱ ግን አለማወቅ አይደለም። መጽሐፉ ለማያውቅ ሰው አልተጻፈም። የኔታ ማለዳ ጤዛው ሳይረግፍ ይዘውን ይወጡና ቅጠሉን በጣታቸው አሽተው አፍንጫችን ሥር ያደርጉታል። «አሽት። አሁን ዓይንህን ጨፍን። የቱ ነው?» ይሉናል። ሽታው ያልተገለጠለት ተማሪ ስሙን ቢያውቅም አላወቀም። ደብተሩ ማስታወሻ ነው፤ ትምህርቱ ያለው አፍንጫና እጅ ላይ ነው። ሥዕል ይሄን አይተካም።

ደግሞም ሥዕል የለንም አትበይ። ክታባችን ሥዕል ነው። ብራናው በታማሚው ቁመት ልክ ይቆረጣል፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጋርደው። ላዩ ላይ ጠልሰም ይሣላል፤ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ፣ መሃሉ ላይ ፊት፣ ዙሪያውን ዓይን። ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ሆኖ ሕፃናት የምትገድለውን ውርዝልያን በጦር ሲወጋት ይታያል። የግሪኮቹ ሥዕል መድኃኒቱን ያሳያል፤ የእኛው ግን ራሱ መድኃኒት ነው ተብሎ ነው የሚሣለው፤ ታማሚው እንዲያየው፣ ክፉውም አይቶት እንዲሸሽ። ቅጠሉና ክታቡ ከአንድ ደብተራ እጅ ይወጣሉ፤ ሥዕሉ የገባው ግን ወደ ክታቡ ነው።

---

ሥር ማሽ

የብዕር ስሜን አይታችሁ እንዳትሳደቡ፤ አስቤበት ነው የያዝኩት። ሐኪም ነኝ፣ ዘመናዊው ዓይነት። በልጅነቴ «ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ» ሲባል የሰማሁት ለስድብ ብቻ ነበር። እናቴ ሪህ ሲያሠቃያት አንድ አዋቂ ጋ ሄዳ ስትመለስ ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ ተከናንባ ነበር፤ ጎረቤት እንዳያያት።

በኋላ የግሪኮቹን ታሪክ ሳነብ ክራቴዋስ የሚባል ሰው አገኘሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዓመት የጶንጦሱ ንጉሥ የሚትሪዳተስ ሐኪም ነበር። ቅጽል ስሙ «ሪዞቶሞስ» ነው፤ ሥር ቆራጭ ማለት። ሥር ማሽ! እነሱ ዘንድ ይህ የሙያ ስም ነው፣ ንጉሥ ፊት የሚያስቆም። ዘቪየና በጠቀሰችው መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ሰባት ሰባት ሆነው የተቀመጡ ሐኪሞች ተሥለዋል፤ ክራቴዋስ ከጋሌንና ከዲዮስኮሪደስ ጋር እዚያው ተቀምጧል። ተክሎችን በቀለም አሥሎ ከሥዕሉ በታች ጥቅማቸውን በመጻፍ ስሙ የሚነሳውም እሱ ነው። ስሜን ከእሱ ነው የወሰድኩት።

ስለ ማንድራጎራ አንድ ልጨምር። ሥሩ ሲነቀል ይጮሃል፣ ጩኸቱን የሰማ ይሞታል ተብሎ ይታመን ነበርና ውሻ አስረው ያስነቅሉት ነበር። የዚያው መጽሐፍ ሌላ ገጽ ላይ ያ ውሻ ተሥሏል፣ ከተክሉ ጋር ታስሮ ሲሞት። ከተረቱ ሥር ግን እውነተኛ መርዝ አለ። ማንድራጎራ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉትን ንጥረ ነገሮች ይዟል፤ የእኛው አስተናግርም እነዚሁን ይዟል። አስተናግር የበላ ሰው እንዴት እንደሚቀባጥር፣ እንዴት በባዶ አየር ላይ ክር እንደሚለቅም ድንገተኛ ክፍል ውስጥ አይቻለሁ። ዲዮስኮሪደስ ሊቆረጥ ወይም ሊተኮስ ላለ ሰው የማንድራጎራ ወይን ይሰጥ ይላል፤ ሕመሙ እንዳይሰማው። ዛሬ ለማደንዘዣ የምንጠቀምበት «አናስቴዥያ» የሚለው ቃል ግሪክኛው እዚያው ገጽ ላይ አለ።

ስለዚህ ጋሽ ብራና፣ አፍንጫና እጅ ያሉት ልክ ነው፤ ግን የኔታ ሲያርፉ አፍንጫቸውም አብሮ ያርፋል። የሞተ መምህር አሽት አይልም። ሥዕል ያስፈልገናል።

---

አወያይ

ክሩ ደስ ይላል፣ ቀጥሉ። አንድ ነገር ብቻ፦ መጠንና አወሳሰድ አትጻፉ። ሕፃን ላይ የሚሞከር ነገር በተለይ።

---

ዘቪየና

አወያይ፣ ልክ ነዎት። የአያቴን መድኃኒት ማንም ላይ አልሞክርም፤ ተክሉን ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው።

ጋሽ ብራና፣ ያሉት አንጀቴ ገባ። እርስዎን የሚደግፍ የጥንት ሰው አለልዎት። ሮማዊው ፕሊኒ፣ እ.ኤ.አ. በ79 ቬሱቪየስ ሲፈነዳ የሞተው፣ ክራቴዋስንና ጓደኞቹን ጠርቶ ሥዕላቸውን ይነቅፋል። ቀለሙ ብዙ ነው፣ ገልባጮች እጅ ላይ ይበላሻል ይላል። ደግሞም ተክል በአራቱ ወቅቶች መልኩን እየለወጠ በአንዱ ወቅት ብቻ ማሣል አይበቃም ይላል። እውነት ነው። ፌጦን በአበባዋ የሚያውቃት ሰው በቡቃያዋ ቢያገኛት ሊረግጣት ይችላል።

ግን የቪየናው መጽሐፍ በኋላ ያሳለፈው ሕይወት ሌላ ነገር አሳየኝ። እ.ኤ.አ. በ1406 ቁስጥንጥንያ ውስጥ በአንድ ገዳም እንደገና ተጠረዘ፤ አሮጌው የግሪክኛ አጻጻፍ ለማንበብ ከብዶ ስለነበር በዘመኑ ፊደል ጎን ለጎን ተጻፈለት። ከተማዋ በቱርኮች እጅ ከወደቀች በኋላ የሱልጣን ሱለይማን ሐኪም የነበረው አይሁዳዊው ሙሴ ሐሞን ጋ ደረሰ። በ1562 የኦስትሪያ ገዢዎች የሀብስበርጎቹ መልእክተኛ ቡስቤክ ኢስታንቡል ሲያየው 100 ዱካት (የወርቅ ገንዘብ) ተጠየቀበት፤ ለእሱ ኪስ የማይቀመስ ሆነበት። በ1569 ግን ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚሊያን 2ኛ ገዛውና ወደዚህ መጣ።

በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ እየተቀባበሉ የያዙት ሰዎች ከሥዕሉ ጎን በየቋንቋቸው ስሙን ጻፉበት፤ በዐረብኛ፣ በዕብራይስጥ። አንድ ቅጠል፣ ጎኑ ላይ ሦስት ዓይነት ፊደል። ግሪኩ ለዐረቡ፣ ዐረቡ ለአይሁዳዊው ማስረዳት አላስፈለገውም፤ ሁሉም ሥዕሉን አይቶ «አሃ፣ ይሄማ የእኛው እንዲህ ነው» ብሎ ጻፈ። ስም ይለዋወጣል፣ ሥዕሉ ግን ስሞቹን ሁሉ እንደ ችንካር ተሸክሞ ይቆያል። የእኛ ደብተሮች ያጡት ይህን ችንካር ነው። ደብረ ታቦር ላይ አንድ ስም ያለው ቅጠል ሸዋ ላይ ሌላ ነው።

---

ዓፉላ

ከእስራኤል ነኝ፣ ከዓፉላ። የስም መለዋወጥ ካነሳችሁ ይሄን እዩልኝ። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 30 ላይ ሮቤል በስንዴ አጨዳ ጊዜ ከእርሻ ላይ አንድ ነገር አግኝቶ ለእናቱ ለልያ ያመጣል፤ ራሔል ትለምናታለች። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ያን ነገር «እንኮይ» ይለዋል። ዕብራይስጡ «ዱዳኢም» ነው፤ ማንድራጎራ ማለት! እናቴ ጎንደር ሳለች ታሪኩን ስታነብ የምታስበው የእኛኑ እንኮይ ነበር፤ ያን ቁጥቋጦ፣ ከብት ጠባቂ ልጆች የሚለቅሙትን ጎምዛዛ ፍሬ።

እዚህ ከመጣን በኋላ አንድ የጸደይ ቀን ገሊላ ወጥተን ተክሉን አሳየኋት። መሬት ላይ የተነጠፈ ሰፊ ቅጠል፣ መሃሉ ላይ እንደ ትንንሽ ቲማቲም የበሰሉ ቢጫ ፍሬዎች። ሽታው ከሩቅ ይጠራል፣ ጣፋጭ ሆኖ ትንሽ ይከብዳል። እማማ ተቀምጣ ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ታዲያ እንኮይ ዛፉ ላይ ነው፣ ይሄ ምድር ላይ ነው፤ እንዴት አንድ ስም ሰጡት?» አለች። ሰማንያ ዓመት ልቧ ውስጥ የተሣለው ሥዕል በአንድ ቀን ተቀየረባት። ተርጓሚዎቹን አልወቅስም፤ አገሩ ላይ የሌለ ተክል ሲገጥማቸው የሚያውቁትን ፍሬ ሰጡት። ግን ሥዕል ቢኖር።

---

የቀሬና ልጅ

የታሪክ መምህር ነኝ። ዓፉላ፣ የእናትሽ ዝምታ ሆዴን አባባው።

የተገላቢጦሹን ላምጣ፤ ሥዕሉ ተርፎ ተክሉ የጠፋበትን። ስምዖን የመጣበት ቀሬና ሊቢያ ውስጥ የግሪኮች ከተማ ነበረች። ሀብቷ ሲልፊየም የሚባል ተክል ነበር፤ ለሳልም፣ ለሆድም፣ ለወጥም። እርሻ ላይ አልበቅል ብሎ ከዱር ብቻ ይለቀም ነበር። ከተማዋ ተክሉን የብር ገንዘቧ ላይ ቀረጸችው፤ ወፍራም ግንድ፣ ግራና ቀኝ የተቃቀፉ ቅጠሎች፣ አናቱ ላይ የአበባ እቅፍ። ያን ሳንቲም ዛሬም በየሙዚየሙ ታገኙታላችሁ። ተክሉ ግን ተለቅሞ አለቀ። በራሱ ዘመን የተገኘው አንድ ዘለላ ብቻ እንደነበር፣ እሱም ለኔሮን እንደተላከ የሚነግረን ያው ፕሊኒ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ የኢስታንቡል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አናቶልያ ተራራ ላይ የሚበቅል አንድ ተክል ሲልፊየም ሊሆን ይችላል ብለው ጽሑፍ አወጡ። ካቀረቧቸው ማስረጃዎች አንዱ የሳንቲሙ ሥዕል ነው፤ ቅጠሉ ከግንዱ ጋር እንዴት እንደተያያዘ አነጻጸሩ። መቼም የሚያረጋግጥ ሽታ፣ የሚያረጋግጥ የኔታ የለም። ሁለት ሺህ ዓመት አልፎ ጥያቄው እንዲነሳ እንኳ ያደረገው ያ የጣት ጥፍር የሚያክል ቅርጽ ነው።

---

ቀለም አፍላ

ሠዓሊ ነኝ፣ አዲስ አበባ። ዘቪየና ስሙ ስላልተጻፈው ሠዓሊ ያለችውን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ፤ የእኛም ቤት እንዲህ ያለ ሰው አለና።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ ሲገባ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ተወላጅ ወጣት ሠዓሊ አብሮት ነበር። ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ ኮሶ ተሥሎ ይገኛል፤ ብሩስ ለወዳጁ ለጆሴፍ ባንክስ መታሰቢያ ብሎ ስም ሰጠው፣ ስሙ ግን አልጸናም። ባሉጋኒ 1771 ላይ ጎንደር ውስጥ ሞተ፤ አፈራችን ውስጥ ነው ያለው። ብሩስ መጽሐፉ ላይ ሠዓሊው ወደ ዓባይ ምንጭ ከመሄዳችን በፊት ሞቷል ብሎ ጻፈ። እውነቱ ግን ባሉጋኒ ግሽ ድረስ አብሮት ሄዷል። ሥዕሎቹ ዛሬ አሜሪካ፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ውስጥ አሉ። በሰው ልፋት ላይ እንዲህ ሲደረግ ያመኛል፣ ሁለት መቶ ዓመትም ይለፈው።

ሁሉም እንዲህ አልነበረም። ጀርመናዊው ሐኪም ሌዮንሃርት ፉክስ በ1542 ባዝል ላይ ያሳተመው የዕፀዋት መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ሠዓሊዎቹ ራሳቸው ተሥለዋል። አልብሬክት ማየር ተክል እያየ ሲሥል፣ ሃይንሪክ ፉልማውረር ወደ ማተሚያው እንጨት ሲያሸጋግር፣ ጠራቢው ሽፔክለም ከነስሙ። ፉክስ አበባውንና ፍሬውን በአንድ ግንድ ላይ አብሮ ያሣላል፤ የፕሊኒን ወቀሳ እንደ መመለስ ነው።

ኮሶን ራሴ ሣያለሁ፣ ሦስት ጊዜ። ሁለቱን ቀድጄ ጣልኳቸው። ኮሶ ወንዴና ሴቴው ለየብቻ ዛፍ ላይ ነው፤ ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ ብሎ የሚንዘረፈፈው የሴቴው አበባ ነው። እኔ ደጅ ያለውን ወንዴ ዛፍ ሥዬ ኖሯል! የነገሩኝ ቅጠል የሚሸጡ እናት ናቸው፣ ሽሮ ሜዳ። ወረቀቱን ዘቅዝቀው፣ ደግሞ አቅንተው አዩትና «ልጄ፣ ይሄ አያሽርም» አሉኝ። ሥዕል ከአዋቂው ውጪ ባዶ መሆኑን ያኔ ነው የገባኝ። ለዚህ ነው የቪየናው ገጽ ላይ ሁለቱ አብረው የተቀመጡት።

---

ብራና

ልጆቼ፣ ተሸነፍኩ አልልም፤ ግን ቀለም አፍላ የመጨረሻው ቃሉ አንገቴን አስነቀነቀኝ። የኔታ ካረፉ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ካስሸተቱኝ ቅጠሎች ውስጥ ዛሬ ስማቸውን እንጂ መልካቸውን የማላመጣው አሉ። ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ፣ ዘቪየና። «ሥር» ይላል፣ «ይታጠን» ይላል። ግራዋን ለመድኃኒት ሲሹ የሚይዙት ቅጠሏን ነው። ግዛዋ ግን ሥሩም ይፈለጋል፣ ጭሱም ለሚባንን፣ ዓይን ለበላው ይባላል። ሚዛኑ ወደ «ዛ» ያጋድላል። መልኳን ልንገርሽ፦ ከወገብ እምብዛም የማታልፍ ቁጥቋጦ ናት፤ ቅጠሏ አመድ የነፋባት የምትመስል፤ ፍሬዋ ቀይ፣ ቀጭን ልባስ ውስጥ እንደ ፋኖስ ተደብቃ የምትቀመጥ። ግራዋ ከቤት ትበልጣለች። አያትሽ የሚቆፍሩበትን ቦታ የሚያውቅ ሰው አለ?

---

ሥር ማሽ

ግዛዋ ከሆነች ዘቪየና በየቀኑ ትሸጣታለች ማለት ነው! ህንዶች አሽዋጋንዳ የሚሉት ያው ዝርያ ነው። ሳይንሳዊ ስሟ መጨረሻ ላይ «ሶምኒፈራ» አለ፤ በላቲን እንቅልፍ አምጪ። አያትሽ የጻፉት ደግሞ እንቅልፉ ለሚቆራረጥ ሕፃን። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ግን ልቤ ዘለለ። ከማንድራጎራና ከአስተናግር ጋርም አንድ ቤተሰብ ናት፤ ስለዚህ አወያይ ያሉትን ደግሜ እላለሁ።

---

ዘቪየና

ጋሽ ብራና፣ ሥር ማሽ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ዛሬ ሥራ ቦታ የአሽዋጋንዳውን ጠርሙስ አንስቼ ጽሑፉን እንደ አዲስ አነበብኩ። መደርደሪያው ላይ ሦስት ዓመት ሙሉ ከአጠገቤ ነበር።

ለአክስቴ ደወልኩላት። «አባዬ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ከድንጋዩ ካብ ጋር ተጠግተው ይቆፍሩ ነበር፣ እኛን ግን ፊታችሁን አዙሩ ይሉን ነበር» አለችኝ። ከቅዳሴ በኋላ ሄዳ አራት ፎቶ ላከችልኝ። ከካቡ ሥር ቁጥቋጦ አለ፤ ከወገብ ዝቅ ያለ፣ ቅጠሉ አመድማ። ፍሬ ግን የለውም። አበባም አይታይም።

---

ብራና

ትመስላለች። በቅጠል ብቻ ግን አልምልልሽም፤ ከፎቶ ላይ አሽት ማለትም አልችልም። ፍሬ እስክትይዝ ጠብቂ። ልባሷን ቀደድ አድርጋ ውስጧን ታሳይሽ፤ ያኔ ቃል እሰጥሻለሁ።

---

ቀለም አፍላ

ዘቪየና፣ ፎቶዎቹን ላኪልኝ። ቅጠሉን አሁን እጀምረዋለሁ፤ ለፍሬው ወረቀቱ ላይ ቦታ እተዋለሁ። ሲያልቅ ከሥሩ የአያትሽን መስመር እንዳለ እጽፈዋለሁ፣ ውሃ የበላትን ፊደል ክፍት አድርጌ። አክስትሽ ፍሬውን ስታይ አንቺው ትሞዪዋለሽ።

---

ዘቪየና

እልክልሃለሁ። አክስቴም እሑድ እሑድ እያየች ልትነግረኝ ቃል ገብታለች። ሥዕሉ ጥግ ላይ ስምህን ጻፍ፣ እባክህ።